ጉንዳን፣ መንጋ፣ ዘረመል ወይስ የጋለ ብረት? ከተፈጥሮ የተወሰዱ የስሌት ዘዴዎች አመራረጥ

አንድ መኪና መነሻውን ጨምሮ 20 ቦታዎችን አዳርሶ ወደ ተነሣበት ይመለሳል እንበል። የትኛውን አስቀድሞ የትኛውን ቢያስከትል ነው መንገዱ የሚያጥርለት? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ነው። ሊኬድባቸው የሚችሉት ዙሮች ግን ከ60 ሺህ ትሪሊዮን ይበልጣሉ። በሴኮንድ አንድ ቢሊዮን ዙር የሚለካ ኮምፒውተር ሁሉንም አይቶ ለመጨረስ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ቦታዎቹ 25 ቢሆኑ ደግሞ ያው ኮምፒውተር ወደ 10 ሚሊዮን ዓመት ያስፈልገዋል።

የፈተና ፕሮግራም ማውጣት፣ ለፋብሪካ ማሽኖች ሥራ ማከፋፈል፣ የአንቴና ቅርጽ መፈለግ፣ የአንድን ሞዴል ፓራሜትሮች ማስተካከል፣ ሁሉም ከዚህ ጋር ይመሳሰላሉ። ምርጫው ስፍር ቁጥር የለውም፤ ሁሉንም መሞከር አይቻልም፤ ጥሩውን ማግኘት ግን የግድ ነው። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች ከ1960ዎቹ ጀምሮ ወደ ዝግመተ ለውጥ፣ ቀጥሎም ወደሚቀዘቅዝ ብረት፣ ወደ ጉንዳኖችና ወደ ወፎች በረራ ዞር ብለው ሐሳብ የወሰዱት። ዛሬ ዘዴዎቹ ከመብዛታቸው የተነሣ ጀማሪው ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል።

እኔ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር ነው። ዘዴውን በእንስሳው ስም አትምረጡ። የራሳችሁን ችግር ቅርጽ አጥኑ፤ ከዚያ ለዚያ ቅርጽ የተሠራውን ውሰዱ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ለማድረግ የሚረዳ ነው።

መጀመሪያ ጭራሽ ያስፈልጓችኋል ወይ?

ሰው ብዙ ጊዜውን የሚያባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ከዚህ ልጀምር።

ውጤታችሁን የሚያሰላው ፎርሙላ በእጃችሁ ካለና ዲሪቬቲቩን፣ ማለትም ቁጥሮቹ ትንሽ ሲነኩ ውጤቱ ወዴትና ምን ያህል እንደሚለወጥ የሚያሳየውን፣ ማግኘት ከቻላችሁ፣ ወዴት መሄድ እንዳለባችሁ ዲሪቬቲቩ ራሱ ይነግራችኋል። ያንን መረጃ ጥሎ በጭፍን መፈለግ ኪሳራ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቁጥሮች ያሉት ኒውራል ኔትወርክ የሚሠለጥነውም በዲሪቬቲቭ ነው።

ግባችሁና ገደቦቻችሁ ቀጥተኛ እኩልታዎች ከሆኑ ደግሞ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ አለ። ሙሉ ቁጥሮችና የ«ይሁን ወይስ አይሁን» ውሳኔዎች ከገቡበትም ለዚያ ተብለው የተሠሩ ሶልቨሮች፣ ማለትም መፍትሔ ፈላጊ ፕሮግራሞች፣ አሉ። ሶልቨር ሥራውን ከጨረሰ ያገኘው መልስ ከሁሉ የተሻለ መሆኑንም ያረጋግጥላችኋል። ከተፈጥሮ የተወሰዱት ዘዴዎች ይህን ማረጋገጫ አይሰጡም። ኮንኮርድ የተባለው ሶልቨር በ2006 ከማይክሮቺፕ ሥራ የመጣና 85,900 ነጥቦች ያሉት የጉዞ ችግር ተፈቶበታል፤ ከተገኘው ዙር ያጠረ እንደሌለም ተረጋግጧል። ስለዚህ የያዛችሁት መግቢያው ላይ ያነሣሁት ዓይነት ንጹሕ የርቀት ጥያቄ ብቻ ከሆነ ጉንዳን አያስፈልጋችሁም። ሶልቨሩ በአፍታ ይጨርስላችኋል።

ታዲያ መቼ ነው ወደ ተፈጥሮ የምንዞረው? ፎርሙላው ሳይኖር ሲቀር ነው። ውጤቱ የሚታወቀው ሲሙሌሽን አስኬዳችሁ ቁጥር ሲወጣላችሁ ብቻ ሲሆን። ገደቦቹ የተወሳሰቡና እርስ በርስ የሚጋጩ ሲሆኑ። ወይም ደግሞ መልክዓ ምድሩ በጉብታ የተሞላ ሲሆን።

ጉብታ ስል ምን ማለቴ ነው? ጥቅጥቅ ባለ ጭጋግ ውስጥ ከፍተኛውን ተራራ የሚፈልግ መንገደኛ አስቡ። ሁልጊዜ ወደ ላይ ብቻ የሚራመድ ከሆነ መጀመሪያ ያገኘው ትንሽ ጉብታ ጫፍ ላይ ይቆማል። ከዚያ በየትኛውም አቅጣጫ ቢራመድ ቁልቁል ነውና ተራራውን ያገኘ ይመስለዋል። ከታች የምታዩዋቸው ዘዴዎች በሙሉ ከዚህ ወጥመድ ለማምለጥ የተዘጋጁ ናቸው። የሚለያዩት በሚያመልጡበት መንገድ ነው።

ዘረመል፦ መፍትሔው ከክፍሎች የሚገጣጠም ሲሆን

ጄኔቲክ አልጎሪዝምን ያስፋፋው በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ጆን ሆላንድ ነው። ሐሳቡን ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲያዳብር ቆይቶ በ1975 በመጽሐፍ አወጣው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ብዙ ዕጩ መፍትሔዎች በዘፈቀደ ይፈጠራሉ። እያንዳንዱ ተመዝኖ ነጥብ ይሰጠዋል። የተሻለ ነጥብ ያገኙት ለመዳቀል የበለጠ ዕድል አላቸው። ከሁለት ወላጆች ግማሽ ግማሹ ተወስዶ አዲስ ዕጩ ይወጣል። አልፎ አልፎ ሚውቴሽን፣ ማለትም ትንሽ የዘፈቀደ ለውጥ ይገባበታል። ከዚያ አዲሱ ትውልድ እንደገና ይመዘናል።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥንካሬ ለመፍትሔው ዓይነት ግድ የሌለው መሆኑ ነው። ቁጥር ሊሆን ይችላል፣ ዝርዝር ሊሆን ይችላል፣ ቅርጽ ሊሆን ይችላል፣ ራሱ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። ማዳቀልና መለወጥ እስከተቻለ ድረስ ይሠራል።

የናሳ ኤስቲ5 የሚባሉት ሦስት ትንንሽ ሳተላይቶች በ2006 ሲመጥቁ የያዙት አንቴና በዚህ ዓይነት ፍለጋ የተገኘ ነበር። ቅርጹ አለወጉ የተጣጠፈ ሽቦ ነው። መሐንዲስ በወረቀት ላይ ይሥለዋል ተብሎ የሚጠበቅ አይደለም። ይበልጥ የምወደው ግን ሌላውን ክፍል ነው። የሳተላይቶቹ የምሕዋር ዕቅድ ሲቀየር አንቴናው ሌላ መስፈርት ማሟላት ነበረበት። ቡድኑ የመመዘኛ ደንቡን ለውጦ ፍለጋውን እንደገና በማስኬድ በሳምንታት ውስጥ አዲስ አንቴና አገኘ። ኤን700 የተባለው የጃፓን ፈጣን ባቡርም የአፍንጫው ቅርጽ የተገኘው በጄኔቲክ አልጎሪዝም ነው። ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ሲገባ የሚፈጠረውን የአየር ግፊትና ድምፅ መቀነስ ነበር ዓላማው።

አሁን ደካማ ጎኑ። ማዳቀል በየትም ቦታ እንዲሁ አይሠራም። ሁለት የጉዞ ቅደም ተከተሎች ውሰዱ፤ አንዱ 3-1-4-2-5፣ ሌላው 5-4-3-2-1። ከመጀመሪያው ሦስቱን፣ ከሁለተኛው የመጨረሻ ሁለቱን ብትወስዱ 3-1-4-2-1 ይወጣል። ቦታ 1 ሁለት ጊዜ ገባ፤ ቦታ 5 ጠፋ። ለቅደም ተከተል ችግሮች ይህን የሚጠነቀቁ ልዩ የማዳቀያ መንገዶች አሉ፤ ሳታውቁ ተራውን ከተጠቀማችሁ ግን አልጎሪዝሙ አብዛኛውን ጊዜ የማይረባ ነገር ሲያመርት ይውላል። ገደቦችም እንደዚሁ ናቸው። ገደብ የጣሰውን ዕጩ ነጥብ መቀነስ አንድ መንገድ ነው። ጠግኖ ወደ ሕጋዊ መልክ መመለስ ሌላ መንገድ ነው። መጠገን የሚቻል ከሆነ እኔ መጠገኑን እመርጣለሁ፤ የሚቀነሰው ነጥብ ስንት ይሁን የሚለው ጥያቄ ራሱ ሌላ ራስ ምታት ይዞ ይመጣልና።

ስለ መመዘኛም አንድ ታሪክ ላንሣ። በ1996 የሴሴክስ ዩኒቨርሲቲው አድሪያን ቶምፕሰን ውስጡ እንደገና ሊዋቀር በሚችል ቺፕ ላይ ሁለት ድምፆችን፣ የ1 ኪሎኸርትዝና የ10 ኪሎኸርትዝ፣ የሚለይ ሰርኪዩት በዝግመተ ለውጥ አስገኘ። ሰርኪዩቱ በደንብ ሠራ። ነገር ግን ከቀሪው ጋር በሽቦ ያልተገናኙ የቺፑ ክፍሎች ነበሩ፤ እነሱ ሲዘጉ ሥራው ይበላሻል። ዝግመተ ለውጡ የዚያን አንድ ቺፕ አካላዊ ጠባይ ጭምር ተጠቅሞበት ነበር። በሌላ ተመሳሳይ ቺፕ ላይ ሲሞከር እንደ በፊቱ አልሠራም። ይህ ለተጠቃሚ ትልቅ ትምህርት ነው። አልጎሪዝሙ የሚሰጣችሁ የመዘናችሁትን እንጂ ያሰባችሁትን አይደለም። በሌላ ቺፕ፣ በሌላ ሙቀት፣ በሌላ ዳታ እንዲሠራ ከፈለጋችሁ እነዚህ ሁሉ መመዘኛው ውስጥ መግባት አለባቸው።

ጉንዳን፦ ጉዳዩ መንገድና ቅደም ተከተል ሲሆን

በ1989 በብራስልስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የአርጀንቲና ጉንዳኖች ከጎጇቸው ወደ ምግብ የሚሄዱበት ሁለት ድልድይ ሰጧቸው፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ጉንዳኖቹ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አብዛኛዎቹ አጭሩን መረጡ። ማንም አልለካላቸውም። አጭሩን የያዙት ቶሎ ስለሚመለሱ ፌሮሞን የሚባለውን ሽታቸውን ቀድመው ያጠናክሩበታል፤ ሽታው የበረታበትን ደግሞ ሌሎቹ ይከተላሉ። ማርኮ ዶሪጎ በሚላኖ ፖሊቴክኒክ በ1992 ባቀረበው የዶክትሬት ሥራው ይህን ወደ አልጎሪዝም ለወጠው።

በኮምፒውተሩ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው ሠራሽ ጉንዳን መፍትሔውን ደረጃ በደረጃ ይገነባል። «ከዚህ ቦታ ቀጥሎ ወዴት?» ለሚለው ጥያቄ ሁለት ነገር ያያል፦ ቅርበቱንና የፌሮሞኑን መጠን። ጥሩ ዙር የሠራው ጉንዳን ያለፈባቸው መንገዶች ፌሮሞን ይጨመርላቸዋል። ከዚያ ከሁሉም መንገድ ጥቂት ጥቂት ይተናል።

ትነቱን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ከብራስልሱ ሙከራ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይጠቀስ ግኝት አለ። ጉንዳኖቹ መጀመሪያ ረጅሙን ድልድይ ብቻ ተሰጥቷቸው ከለመዱት በኋላ አጭሩ ቢጨመርላቸው፣ አብዛኛዎቹ በረጅሙ ላይ ቀሩ። የድሮው ሽታ አሰራቸው። ሰው ሠራሹ ዘዴ ከተፈጥሮው የሚሻለው እዚህ ላይ ነው፤ የትነቱን ፍጥነት እኛ እንወስናለን። ትነቱ በጣም ሲዘገይ መንጋው ሁሉ በአንድ መጥፎ ዙር ላይ ይቆማል። በጣም ሲፈጥን ደግሞ ምንም ሳይማር ይቀራል። ውጤታችሁ ከጥቂት ዙር በኋላ አልንቀሳቀስ ካለ መጀመሪያ የምትነኩት ፓራሜትር ይህ ይሁን።

የጉንዳን ዘዴ የሚመቸው መፍትሔው እየተገነባ በሚሄድበት ሥራ ነው። የመኪና ስምሪት፣ የሥራ ፈረቃ፣ የማሽን ተራ። በእያንዳንዱ ደረጃ የትኛው ምርጫ ሕጋዊ እንደሆነ ማወቅ ስለሚቻል ገደቦችን ማክበር ይቀልላል። ቅድም ከጄኔቲክ አልጎሪዝም ጋር ያየነው የተደገመና የጠፋ ቦታ ጣጣ እዚህ አይነሣም። በተለይ ሁኔታው የሚለዋወጥ ከሆነ ዘዴው ያምርበታል። መንገድ ቢዘጋ ፌሮሞኑ ላይ የተቀመጠው ልምድ አብዛኛው አሁንም ይጠቅማል፤ ከዜሮ አይጀመርም። ዲ ካሮና ዶሪጎ በ1998 ያቀረቡት አንትኔት የተሠራው ለዚህ ነው። በኮምፒውተር ኔትወርክ ውስጥ ትናንሽ የጉንዳን መልእክቶች እየተዘዋወሩ የትኛው መስመር እንደተጨናነቀ ይለካሉ፤ የመረጃ መንገዱም በዚያ መሠረት ይስተካከላል።

ለተራ ቁጥሮች፣ ለምሳሌ ለርዝመት፣ ለሙቀት ወይም ለክብደት ግን ሌላ ፈልጉ። ጉንዳንን ለዚያ ያስተካከሉ ዝርያዎች ቢኖሩም የመጀመሪያ ምርጫ መሆን የለባቸውም።

መንጋና ዘመዶቹ፦ የምትፈልጉት ቁጥሮችን ሲሆን

ብዙ የምህንድስና ችግር እንዲህ ነው፦ አሥር ወይም ሠላሳ ቁጥሮች አሉ፤ ለእያንዳንዱ ከዚህ እስከዚህ የሚል ወሰን አለ፤ ሲሙሌሽኑን የሚያስደስተውን ጥምረት ፈልጉ። እዚህ ሦስት ዘዴዎች ይፎካከራሉ።

የቅንጣቶች መንጋ የሚባለውን ዘዴ በ1995 ያቀረቡት ማኅበራዊ ሥነ ልቦና ያጠናው ጄምስ ኬኔዲና የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ራስል ኤበርሃርት ናቸው። የወፎች መንጋ አብሮ ሲበር ያለው ሥርዓት ነው መነሻቸው። እያንዳንዱ ቅንጣት በመፍትሔው ክልል ውስጥ ይበራል። ሦስት ነገር ይጎትተዋል፦ የያዘው ፍጥነት፣ እስካሁን ራሱ ያገኘው ምርጥ ቦታ፣ እና መንጋው ያገኘው ምርጥ ቦታ። ኮዱ አጭር ነው፤ ለማስረዳትም ይቀላል። የፓራሜትሮቹ ዋጋ ግን ወሳኝ ነው። በ2002 ክሌርክና ኬኔዲ መንጋው ተበታትኖ እንዳይጠፋ የሚያደርጉ ዋጋዎችን በሒሳብ አሳዩ፤ 0.7298 ለፍጥነቱ፣ 1.496 ገደማ ለሁለቱ መጎተቻዎች። ሌላ ምክንያት ከሌላችሁ እነዚህን ውሰዱ። የዘዴው ችግር መቻኮሉ ነው። መሪው አንድ ጉብታ ላይ ከቆመ ሁሉም ወደዚያ ይተማል። ቅንጣቶቹ ከመላው መንጋ ይልቅ ከጥቂት ጎረቤቶቻቸው ብቻ እንዲማሩ ማድረግ ፍጥነቱን ቢቀንስም ከዚህ ይጠብቃል።

ዲፈረንሻል ኢቮሉሽን የራይነር ስቶርንና የኬኔት ፕራይስ ሥራ ነው፤ በመጽሔት የወጣው በ1997 ነው። አሠራሩ ያስደንቀኛል። ከሕዝቡ፣ ማለትም ከዕጩዎቹ ስብስብ፣ ሦስት ዕጩዎች በዘፈቀደ ይወሰዳሉ። የሁለቱ ልዩነት በአንድ ማባዣ ተባዝቶ በሦስተኛው ላይ ይደመራል፤ የተገኘውም ከአንድ ነባር ዕጩ ጋር ይቀላቀላል። አዲሱ ከነባሩ ከተሻለ ይተካዋል፤ ካልተሻለ ይጣላል። ውበቱ የእርምጃው መጠን በራሱ መስተካከሉ ነው። መጀመሪያ ዕጩዎቹ ተራርቀው ስለሚገኙ ልዩነታቸው ትልቅ ነው፤ እርምጃውም ትልቅ ይሆናል። ወደ ጥሩው ቦታ ሲሰበሰቡ ልዩነቱ ያንሳል፤ እርምጃውም አብሮ ያንሳል። ማንም ይህን አላዘዘውም። የምታስተካክሉት ነገርም ጥቂት ነው፦ ማባዣው ከ0.5 እስከ 0.8፣ የመቀላቀያው ዕድል 0.9 አካባቢ፣ የሕዝቡ ብዛት ከተለዋዋጮቹ ብዛት ከአምስት እስከ አሥር እጥፍ። ሳይፓይ በተባለው የፓይተን ላይብረሪ ውስጥ ተሠርቶ ስለተቀመጠ ዛሬውኑ መሞከር ትችላላችሁ።

ሦስተኛው ሲኤምኤ-ኢኤስ ነው። ዘሩ በ1960ዎቹ በበርሊን ሬሸንበርግና ሽዌፈል ከጀመሩት የዝግመተ ለውጥ ስልት ይመዘዛል፤ ኒኮላውስ ሃንሰንና ባልደረቦቹ ከ1990ዎቹ ጀምሮ አሁን ወዳለበት መልክ አደረሱት። ልዩ ችሎታው በተለዋዋጮች መካከል ያለውን ዝምድና መማሩ ነው። ሙቀት ሲጨምር ግፊት መቀነስ ካለበት፣ ዘዴው ይህን ካለፉት ሙከራዎች ተረድቶ ቀጣዮቹን በዚያ አቅጣጫ ያወጣል። ከናንተ የሚፈልገው መነሻ ነጥብና የመጀመሪያ እርምጃ መጠን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ተለዋዋጮቹ ከጥቂት መቶዎች ሲበልጡ ግን ስሌቱ ይከብደዋል፤ ዝምድናውን የሚይዘው ሰንጠረዥ በተለዋዋጮቹ ብዛት ካሬ ያድጋልና።

የኔ ፍርድ? በዲፈረንሻል ኢቮሉሽን ጀምሩ። ተለዋዋጮቻችሁ እርስ በርስ የተሳሰሩ ከሆኑና ውጤቱ ካላረካችሁ ወደ ሲኤምኤ-ኢኤስ እለፉ። የቅንጣቶች መንጋ ዝና ከሁለቱም ይበልጣል። እኔ ግን የምመርጠው ፈጣንና «በቂ ነው» የሚባል መልስ ሲፈለግ፣ ወይም ኮዱ በትንሽ መሣሪያ ላይ መጻፍ ሲኖርበት ነው።

የጋለ ብረት፦ ትንሽ ኮድ፣ ብዙ ጥቅም

ብረት ግሎ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ አተሞቹ የተረጋጋ ቦታቸውን ያገኛሉ። ድንገት ከቀዘቀዘ ግን በተዘበራረቀ ሁኔታ ይደርቃሉ። በ1983 የአይቢኤም ተመራማሪዎቹ ከርክፓትሪክ፣ ጌላትና ቬኪ ይህን ወስደው የኮምፒውተር ቺፕ ክፍሎችን አቀማመጥ ለመወሰን ተጠቀሙበት፤ ዘዴው ሲሙሌትድ አኒሊንግ ይባላል።

እዚህ ሕዝብም መንጋም የለም፤ አንድ መፍትሔ ብቻ ነው ያለው። ትንሽ ትለውጡታላችሁ። ከተሻለ ትቀበሉታላችሁ። ከባሰም የምትቀበሉበት ዕድል አለ፤ ዕድሉ በ«ሙቀቱ» ይወሰናል። ሙቀቱ 10 ሲሆን ውጤቱን በ5 ነጥብ የሚያባብስ ለውጥ 61 ከመቶ ዕድል ይኖረዋል። ሙቀቱ ወደ 1 ሲወርድ የዚያው ለውጥ ዕድል ከአንድ ከመቶ በታች ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ በነጻነት ይዘዋወራል፤ እየቆየ ይረጋጋል።

ለፈረቃ ድልድል፣ ለፈተና ፕሮግራም፣ ለዕቃ አቀማመጥ ይህን አስቀድማችሁ ሞክሩት። የሚያስፈልጋችሁ አንድ መፍትሔን በትንሹ የሚለውጥ መንገድ ብቻ ነው፤ ሁለት ፈረቃ ማቀያየር ለምሳሌ። አንድ ነገር ልጨምር። ከለውጡ በኋላ ነጥቡን ከመጀመሪያው አታስሉት፤ የተለወጠውን ክፍል ልዩነት ብቻ አስሉ። በትልልቅ ችግሮች ላይ ይህ ብቻውን ሥራውን በብዙ እጥፍ ያፈጥነዋል። ጉዳቱ በአንድ መስመር መሄዱ ነው። ብዙ ፕሮሰሰር ካላችሁ አንዱ አማራጭ ከተለያዩ መነሻዎች ደጋግሞ ማስኬድ ነው።

ውሳኔውን የሚቀይሩ ሁለት ጥያቄዎች

አንዱ የአንድ ምዘና ዋጋ ነው። 50 ዕጩዎች ለ200 ትውልድ ቢመዘኑ 10,000 ምዘና ነው። እያንዳንዱ አንድ ሺህኛ ሴኮንድ ከፈጀ በአሥር ሴኮንድ ያልቃል። እያንዳንዱ አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ሲሙሌሽን ከሆነ ግን 69 ቀን ይወስዳል። በጥቂት መቶ ምዘናዎች ብቻ መልስ ማግኘት ካለባችሁ ከላይ ያሉት አብዛኞቹ አይሆኑም። ቤይዥያን የሚባለውን ፍለጋ ተመልከቱ፤ ከያንዳንዱ ምዘና የሚገኘውን መረጃ አሟጦ ይጠቀማል። ከላይ ካሉት አንዱን ለመሞከር ከፈለጋችሁም ሲኤምኤ-ኢኤስ ይሻላል፤ በትንሽ ሕዝብ ይሠራልና።

ሌላው የግቦች ብዛት ነው። ርካሽም ጠንካራም ቀላልም ይሁን ስትሉ አንድ «ምርጥ» የለም፤ አንዱን ለማሻሻል ሌላውን መሠዋት ይመጣል። ግቦቹን በክብደት አባዝቶ ወደ አንድ ቁጥር መደመር የተለመደ ነው፤ ግን ክብደቶቹን ገና ምንም ሳታዩ እንድትወስኑ ያስገድዳችኋል። በ2002 ዴብና ባልደረቦቹ ያወጡት ኤንኤስጂኤ-2 የጄኔቲክ አልጎሪዝም ዝርያ ነው። በአንድ ሩጫ አንዱ ከሌላው በሁሉም ግብ የማይበልጥባቸውን መፍትሔዎች ስብስብ ያቀርብላችኋል። ከዚያ ዓይታችሁ ትመርጣላችሁ። ሕዝብን ይዞ መሄድ እውነተኛ ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ግብ ላለው ሥራ በዚህ ጀምሩ።

ኒውራል ኔትወርክም ከአንጎል ሴሎች ሐሳብ የተወሰደ ነው፤ ግን ከነዚህ ጋር ለአንድ ወንበር አይወዳደርም። እሱ ከምሳሌዎች የሚማር ነው። የያዛችሁት ሺህ ፎቶና ስያሜዎቻቸው ከሆኑ ወደ እሱ ሂዱ። የያዛችሁት መመዘኛና የምርጫ ብዛት ከሆነ እዚህ ቆዩ።

ስለ ተኩላው፣ የሌሊት ወፉና ሌሎቹ

ፍለጋ ስትጀምሩ የተኩላ፣ የሌሊት ወፍ፣ የእሳት ዝንብ፣ የዓሣ ነባሪ፣ የኩኩ ወፍ አልጎሪዝም ይመጣላችኋል። እያንዳንዱ «ከቀደሙት ሁሉ በለጥኩ» ይላል። ጥንቃቄ አድርጉ።

ዎልፐርትና ማክሬዲ በ1997 ያረጋገጡት ቲዎሪ አለ። ሊኖሩ በሚችሉ ችግሮች ሁሉ ላይ በአማካይ ሲታይ ማንኛውም የፍለጋ ዘዴ ከሌላው አይበልጥም። ብልጫ የሚመጣው ዘዴው ከአንድ ዓይነት ችግር ጋር ሲገጥም ነው። «ለሁሉም የሚሆን» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ይህን አስታውሱ።

ከዚህም በላይ አንዳንዶቹ አዲስ አይደሉም። በ2010 ዴኒስ ዌይላንድ ሃርመኒ ሰርች የሚባለው ዘዴ የበርሊኑ የዝግመተ ለውጥ ስልት ልዩ ሁኔታ መሆኑን አሳየ። ከዚያ በኋላ ዶሪጎ ራሱ ከባልደረቦቹ ጋር የተኩላውን፣ የእሳት ዝንቡንና የሌሊት ወፉን ዘዴዎች እኩልታ በእኩልታ መርምሮ በመሠረቱ የቅንጣቶች መንጋ ዝርያዎች ሆነው አገኛቸው። ስያሜው ሲቀየር ተማሪው ያንኑ ነገር በሌላ ቃላት እንደገና ይማራል፤ የቀድሞው እውቀትም አይደርሰውም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ዘርፉ ብዙ ወጣት ጉልበት ያጣበት ነገር ነው።

ቀላል መፈተሻ አለ። ከነዚህ ዘዴዎች አንዳንዶቹ፣ የተኩላውን ጨምሮ፣ በተፈጥሯቸው ወደ ዜሮ ያዘነብላሉ። የመሞከሪያ ፎርሙላዎቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ መልሳቸው ዜሮ ላይ ነው። ስለዚህ ብልጫቸው የውሸት ይሆናል። ፎርሙላውን ወስዳችሁ መልሱን ወደ 37 ወይም ወደ ሌላ ነጥብ አዛውሩት። ዘዴው ያኔም እንደዚያው ከሠራ በቁም ነገር ተመልከቱት።

ሁለቱን በሐቅ ማወዳደር

ሁለት ዘዴዎች ተመርጠው ከቀሩ በራሳችሁ ችግር ላይ አወዳድሯቸው። እነዚህ ዘዴዎች ዘፈቀደ ስላለባቸው አንድ ሩጫ ምንም አይነግራችሁም። እያንዳንዱን ከተለያየ የዘፈቀደ መነሻ ቁጥር 30 ጊዜ ያህል አስኪዱ። ምርጡን ውጤት ብቻ አትዩ፤ መካከለኛውንና መጥፎውንም ጻፉ። በምርት ላይ የሚውል ሥርዓት ከሆነ መጥፎው ነው ደንበኛ የሚያናድደው።

ትውልድን ከትውልድ ጋር አታወዳድሩ። ለሁለቱም እኩል የምዘና ብዛት ስጡ። አንዱን በጥንቃቄ አስተካክላችሁ ሌላውን በመደበኛ ፓራሜትሩ ከተዋችሁም ያወዳደራችሁት ዘዴዎቹን ሳይሆን የራሳችሁን ልፋት ነው።

ሦስተኛ ተወዳዳሪም አስገቡ፦ በዘፈቀደ የሚሞክር አሥር መስመር ኮድ። እኩል ምዘና ስጡት። የመረጣችሁት ዘዴ እሱን በግልጽ ካልበለጠው ወደ ሌላ ዘዴ ከመዞራችሁ በፊት ሁለት ነገር መርምሩ፤ መፍትሔውን በኮድ የወከላችሁበትን መንገድና ነጥብ አሰጣጡን። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው ከሁለቱ በአንዱ ነው።